በሸክላ ሠሪዋ ጉድጓድ የከረመ ኮክ

አንድ አትክልተኛ ነበረ፤ ስሙ መንበሩ ይባላል። የሚኖረው ከጥቅምት ጀምሮ ውርጭ በሚወርድበት ደጋ አገር ነው። በዚያ አገር መሬት የሚያዘው በዛፍ ነበር። ፍሬ የሚሰጥ ዛፍ ያበቀለ ሰው፣ ዛፉ ቆሞ እስካለ ድረስ መሬቱ የእሱና የልጆቹ ይሆናል። ዛፉ ወድቆ በራሱ ዘር ካልተተካ ግን መሬቱ ወደ ገዥው ይመለሳል። ሕጉ የቆየ ነው። ማን እንዳወጣው የሚያስታውስ የለም፤ የሚደፍረውም የለም።

መንበሩ ከአያቱ የወረሰው አንድ ትልቅ የኮክ ዛፍ ነበረው። በአገሩ ሌላ ኮክ አይገኝም። ፍሬው ሲደርስ ተለቅሞ ወደ ገዥው ቤት ይሄዳል፤ መንበሩ ደግሞ በዛፉ ስም ሰፊ የአትክልት ቦታና ደህና ቤት ይዞ፣ ከሚስቱ ከጥሩወርቅ ጋር ጎመኑንና ሽንኩርቱን እያመረተ ይኖራል። ሰው ሁሉ «ዘር ጠባቂው» ነበር የሚለው። የአገሩ ሰው ዘሩን አድርቆ፣ በቅል አድርጎ፣ ከምድጃ በላይ ይሰቅለዋል፤ ጭስ እንዲያገኘው፣ ነቀዝ እንዳይደፍረው። መንበሩ ግን ከዚህም ያልፍ ነበር። ቅሉን በየማለዳው አውርዶ ይዳስሰዋል። ቀዝቀዝ ካለበት እሳቱን ያስጨምራል። ጥሩወርቅ «እኔን እንኳ አንድ ቀን እንዲህ ዳስሰህ በረደሽ ወይ ብለኸኝ አታውቅም» ትለዋለች። እሱም ይስቃል እንጂ አይክድም።

በአንድ ነሐሴ ከባድ ነፋስ ተነሥቶ ኮኩን ከነሥሩ ነቀለው። መንበሩ ሲደርስ ዛፉ ከነፍሬው ተጋድሟል። ገዥውም ወሬውን ሰምቶ በበቅሎ መጣ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሕግ አፍራሽ መባልን ግን አይወድም። ዛፉን ዞሮ ዞሮ አየና መንበሩን ጠራው።

«መንበሩ፣ አዝናለሁ። ሕጉን ግን ታውቀዋለህ።»

«አውቃለሁ ጌታዬ።»

«እስከ ዳግማይ ትንሣኤ እታገሥሃለሁ። ያን ቀን ከዚህ ኮክ ዘር የበቀለ፣ ቅጠል ያወጣ ነገር አሳየኝ። ስንዝር ብትሆንም ትበቃኛለች። ከሌለ ግን ቦታው ለበቅሎዎቼ ግጦሽ ይሆናል፤ እናንተም ሌላ ማደሪያ ትፈልጋላችሁ።»

ፍሬው እንደ ልማዱ ወደ ገዥው ቤት ተጫነ። መንበሩ ግን አስፈቅዶ አርባ ዘር አስቀረ። እውነት ለመናገር ብዙም አልሰጋም። ዕድሜውን ሙሉ ዘር ሲያበቅል የኖረ ሰው በአንድ ኮክ ምን ያሰጋዋል? ምድጃው ባለበት በኩል፣ ከግድግዳው ሥር፣ የበሰለ የበግ ፍግ ደልድሎ ሃያውን ዘር ቀበረ። የሚያጠጣውን ውሃ ፀሐይ ላይ ያሞቃል። ሲመሽ ጭድ ያለብሰዋል። የቀሩትን ሃያ ደግሞ በቅል አድርጎ እንደ ወጉ ከምድጃው በላይ ሰቀላቸው።

መስከረም አለፈ። ጥቅምትም አለፈ። ከዘሩ መደብ ላይ አንድም ነገር ብቅ አላለም። ኅዳር ገባ። የኅዳር ሚካኤል ባለፈ በማግስቱ መንበሩ አላስችል ብሎት ቆፈረ። ግማሾቹን ሻጋታ በልቷቸዋል። የቀሩት እንደተቀበሩ ናቸው፤ አላበጡም፣ አልተሰነጠቁም። አንዱን በድንጋይ ሰበረው። ውስጡ ነጭ ነው፤ ምንም አልሆነም። ሁለተኛውን ሰበረ፤ ያው ነው።

«ሞቶ ቢሆን ይገባኝ ነበር» አላት ለሚስቱ። «አልሞተም እኮ። ተኝቷል። ምን አጉድዬበት ነው?»

ጥሩወርቅ «ፈንታዬን ለምን አትጠይቃትም?» አለችው።

ፈንታዬ ሸክላ ሠሪ ናት። ቤቷ ከአትክልቱ አጥር ወዲያ፣ ከገደሉ ሥር፣ ወንዙ ዳር ነው፤ ፀሐይ ጥቂት ታይታበት የምትሄድ ጥላ ቦታ። በዚያ አገር ለሸክላ ሠሪ መሬት አይሰጥምና ማንም ያልፈለገው ጥግ ለእሷ ተትቶላት ነበር። ማሰሮዋን ሁሉም ይገዛል፣ ቤቷ ግን ማንም አይገባም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ዘር ከእሷ ይሸሸጋል፤ የሸክላ ሠሪ ዓይን ያረፈበት ዘር አይበቅልም ይባላላ። መንበሩም ቢሆን የዘር ወራት ሲመጣ በእሷ በኩል ያለውን አጥር በጭራሮ ይደፍነዋል። ጥሩወርቅ ግን በየክረምቱ ወድቆ የተቀጠቀጠውን ኮክ በአጥሩ ቀዳዳ ታቀብላታለች። ባሏ ያውቃል፤ እንዳላየ ያልፋል።

«ከእሷ ምን ይገኛል?» አለ መንበሩ። «ጭራሽ ሄጄ ስለ ዘር ላወራት?»

«የምትሸሽጋት ምን የበቀለ ነገር አለህና ነው?» አለችው ጥሩወርቅ።

ይህ ንግግር ቆጠቆጠው። ሦስት ቀን አኮረፈ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ በአራተኛው ቀን ተነሥቶ ቁልቁል ወረደ።

ፈንታዬ ጭቃ እየረገጠች ነበር። ዘር ጠባቂው በደጇ ሲቆም አይታ አታውቅምና ደነገጠች።

«ምን ጠፋብዎት ጌታው?» አለችው፣ እግሯን ከጭቃው ሳታወጣ።

«ኮክ አልበቅል አለኝ፤ ሃያ ዘር ጭድ አልብሼ ቀብሬ አንዱም አልበቀለ» አለ መንበሩ፣ መሬት መሬት እያየ።

ፈንታዬ የሚቀልድባት መሰላት። ፊቱን ስታይ ግን ቀልድ የለበትም።

«ኮክ? ኮክ እኮ የእኔ አረም ነው።»

«ምን አልሽ?»

«ጥሩወርቅ የምታቀብለኝን ጭቃዬን እየረገጥኩ እበላና ዘሩን እዚሁ እተፋዋለሁ። ጭቃው ጉድጓድ ገብቶ ይከርማል። በየካቲት ሳወጣው፣ ዘሩን በየቦታው ተሰንጥቆ፣ ሥር ሰዶ አገኘዋለሁ። ማሰሮ ያበላሽብኛል። እየለቀምኩ ወንዝ እከተዋለሁ።»

መንበሩ አጠገቡ ያለ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ።

«በየዓመቱ?»

«በየዓመቱ ነው እንጂ። ዘንድሮ ብቻ ፍሬው ሁሉ ገዥው ቤት ሄደና አረፍኩ።»

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይላሉ፤ መንበሩ ግን ጉዱን የሰማው በኅዳር ነው። እሱ እሳት እያነደደ ሲለማመጠው የከረመውን ነገር፣ ከአጥሩ ማዶ ያለችው ሴት እንደ አረም እየነቀለች ስትጥለው ኖራለች።

ፈንታዬ ጉድጓዱን አሳየችው። ከገደሉ ሥር፣ ውርጩ በሚተኛበት ቦታ የተቆፈረ ነው፤ በቅጠልና በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኗል። «ጭቃ ብርድ ካላለፈበት አይታዘዝም» አለችው። «ኅዳር አስገባዋለሁ፣ የካቲት አወጣዋለሁ። እንዳይደርቅ በየሳምንቱ አጠጣዋለሁ። አንዴ ከደረቀ ድንጋይ ነው።»

«ዘሩስ በብርዱ አይሞትም?»

«ሙት ብዬው ነበር እኮ» አለች ፈንታዬ፤ ሳቀች። «እምቢ አለኝ።»

መንበሩ ወደ ቤቱ ሲመለስ ልቡ ለሁለት ተከፈለ። የሰማውን አምኗል፤ ዘሩን ሁሉ ለሸክላ ሠሪ እጅ መስጠት ግን ከበደው። ዘር አርጥቦ ማስቀመጥ ደግሞ ከአባቱም ከአያቱም ያልሰማው ነገር ነው። እንዲህ ሲል አሰበ፦ ቁም ነገሩ ብርዱ ከሆነ፣ ብርድ እኔም ጣራ ላይ ሞልቷል። ስለዚህ ከቅሉ ውስጥ ካሉት ሃያ ዘሮች አሥሩን ብቻ ይዞላት ወረደ። አሥሩን በደረቅ እንስራ ከቶ፣ አፉን በጨርቅ አስሮ፣ ውርጩ እንዲያገኘው ጣራው ላይ አወጣው።

ፈንታዬ አሥሩን ተቀበለችና የቀሩት የት አሉ ብላ አልጠየቀችም። ተሰንጥቆ ያልተሸጠላትን አንድ ማሰሮ አምጥታ የወንዝ አሸዋ ሞላችበት። ውሃ አርከፈከፈችና አሸዋውን ጨበጠችው። «ውሃ ከተጠራቀመበት ይበሰብሳል። ሲጨብጡት ተያይዞ ይቅር፤ ውሃ ግን አያንጠባጥብ» አለች። ዘሮቹን በአሸዋው መሐል አስተኝታ፣ ማሰሮውን ከጉድጓዱ ዳር ቀብራ፣ ጆንያውን ደረበችበት።

«አሁን ይሂዱ። እኔ ሳልጠራዎት እንዳይመጡ።»

አልመጣም ብሎ ሄደ፤ መጣ እንጂ። በታኅሣሥ አንድ ማለዳ ከቤቱ ሲወጣ አመዳዩ አገሩን ነጭ አድርጎታል። ጎመኑ ጠቁሯል። መንበሩ ቁልቁል ሮጠ። ሲደርስ ፈንታዬ ከጉድጓዱ ዳር ቁጢጥ ብላ፣ እጇን አሸዋው ውስጥ ከትታለች።

«ልውሰዳቸው» አለ መንበሩ እያለከለከ። «ብርዱ እስኪያልፍ እሳት ዳር ላቆያቸው።»

«አይወስዷቸውም።»

«የእኔ ናቸው እኮ።»

«የእርስዎ ናቸው። ይውሰዷቸውና እንደ እነዚያ እንደ ሃያዎቹ ጭድ ያልብሷቸው።»

መንበሩ የዘረጋውን እጅ ሰበሰበ። በዚያው ዓይኑ እጇ ላይ አረፈ። ጣቶቿ ከብርዱ የተነሣ አብጠው ቀልተዋል።

«በየሳምንቱ ነው የማጠጣው አላልሽኝም?»

«ጭቃውን ነው። እነዚህን በየማለዳው አያቸዋለሁ» አለችው፣ እጇን በቀሚሷ እያደረቀች። «ደርቀው እንደሆን አጠጣለሁ፣ ውሃ በዝቶባቸው እንደሆን አሸዋ እጨምራለሁ። የሰው ቤት እኮ ነው እዚህ ውስጥ ያለው።»

መንበሩ አፈረ። ስንት ዓመት ሙሉ ከዚህች ሴት ዓይን ዘር ሲሸሽግ እንደኖረ አሰበና ፊቱን የሚያደርግበት አጣ። ወደ ቤቱ ወጥቶ አንድ ሸክም እንጨት አመጣላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየሳምንቱ እንጨት ያወርድላታል። ዘሩን ግን ልየው ብሎ አልጠየቃትም።

የካቲት ሲያልቅ ፈንታዬ በአጥሩ በኩል ጠራቻቸው። መንበሩና ጥሩወርቅ ተከታትለው ወረዱ። አሸዋውን በጣቷ ገለጥ ስታደርገው፣ ያ በድንጋይ እንኳ በግድ የሚሰበር ቅርፊት በራሱ ጊዜ ለሁለት ተከፍቶ፣ ነጭ ሥር ብቅ ብሏል። ከአሥሩ ስድስቱ ነቅተዋል። መንበሩ አለቀሰ። ሚስቱም አለቀሰች። ፈንታዬ የምትነቅለው አረም ሲለቀስለት አይታ አታውቅምና ግራ ተጋባች።

ከዚያ መንበሩ ጣራ ላይ ያለውን እንስራ አወረደ። አሥሩ ዘር እንደገባ ነው፤ ሲነቀነቅ እንደ ጠጠር ይንኳኳል። እንስራውን ለፈንታዬ አሳያትና የሠራውን ሁሉ ሳይደብቅ ነገራት።

«ብርዱ ያው አልነበረም?» አለ።

«ብርዱማ ያው ነው» አለችው። «ማን አጠጣቸው?»

ስድስቱ ችግኞች በአትክልቱ ቦታ ተተከሉ። መንበሩና ጥሩወርቅ እየተፈራረቁ ጠበቋቸው። ዳግማይ ትንሣኤ ሲደርስ ከስንዝር አልፈው፣ ጠባብ ጠባብ ቅጠል አውጥተው ቆሙ። ገዥው የአገሩን ሽማግሌዎች አስከትሎ መጣ። ከበቅሎው ወርዶ ጎንበስ አለና አንዷን ቅጠል በጣቱ ነካ አደረጋት። ደስ እንዳለው ፊቱ ይናገራል።

«ዘር ጠባቂ መባልህ በከንቱ አይደለም» አለው። «እንግዲህ ለሕጉ ያህል በሽማግሌዎቹ ፊት ልጠይቅህ። እነዚህን ያበቀልካቸው አንተ ነህ?»

መንበሩ አሰበ። አዎ ቢል ነገሩ እዚያው ያልቃል። ሽማግሌዎቹ ምሳቸውን ማሰብ ጀምረዋል። ፈንታዬ ከአጥሩ ወዲያ ቆማለች፤ ግቢ አልተባለችምና አልገባችም። አንድ ቃል እንደማትተነፍስ ያውቃል። አይደለሁም ካለ ደግሞ ሕጉ ግልጽ ነው፤ መሬቱ ዛፉን ላበቀለው ሰው ነው። ቤቱን አየ። ከእሱ ጋር ያረጀችውን ሚስቱን አየ። ጥሩወርቅ አንገቷን ደፍታለች።

«አይደለሁም ጌታዬ» አለ በመጨረሻ። «እኔ ከአርባው ሠላሳውን አበላሽቻለሁ። ያበቀሏቸው እመት ፈንታዬ ናቸው።»

እመት ሲል ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሸክላ ሠሪ እመት ስትባል በዚያ አገር ተሰምቶ አያውቅም።

«ሸክላ ሠሪ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ርስት የምትይዘው?» አለ አንደኛው።

ገዥው ወደ ችግኞቹ ተመለከተ። «ሕጉ የሚለው ያበቀለ ሰው ነው» አለ ቀስ ብሎ። «የማን ልጅ፣ ምን ሠሪ አይልም። ያላለውን እኔ አልጨምርበትም። ጥሯት።»

ፈንታዬ በዚያ በር ስትገባ የመጀመሪያዋ ነበር። እጇ ላይ ጭቃ ደርቋል። ገዥው ቦታው የእሷ መሆኑን ነገራት። መንበሩ ዓይኑን ጨፈነ።

ፈንታዬም ቤቱን አየችው፣ ባልና ሚስቱን አየቻቸው፣ ችግኞቹንም አየቻቸው።

«ጌታዬ» አለች፣ «እኔ ቀሰቀስኳቸው። ከየካቲት ወዲህ ያሳደጓቸው ግን እነዚህ ናቸው። ሦስቱ ችግኞች የእነሱ ይሁኑ፤ ቤታቸውም የራሳቸው ነው። ሦስቱን ግን እኔ እወስዳለሁ፤ በፀሐይ በኩል ያሉትን። ጎጆዬንም እዚያው እሠራለሁ። ሠላሳ ዓመት ጥላ ይበቃኛል።»

«እንዳልሽ ይሁን» አለ ገዥው።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ መንበሩን ቅር ብሎታል። በፀሐይ በኩል ያለው መሬት ሽንኩርቱ የሚያምርበት፣ ከቦታው ሁሉ የተሻለው ነበር። ግማሽ ርስቱ በአንድ ቀን ከእጁ ወጣ፤ ይህ ደግሞ እንኳን ለሰው ለመልአክም ቀላል አይደለም። ቢሆንም ማደሪያ ፍለጋ አልወጣም። ከሳምንት በኋላ የፈንታዬ ጎጆ ምሰሶ ሲቆም፣ አንዱን ጫፍ ትከሻው ላይ ያደረገው እሱ ነበር። በሚቀጥለው ኅዳር አልበቅል ያለ ዘር ያለው ሰው ሁሉ በዚያች ጎጆ ደጅ ተሰለፈ። ያ «ከመቼ ወዲህ ነው» ያለው ሽማግሌም ከሰልፉ ውስጥ ነበር፤ ማንም አላነሣበትም።

ወዳጆቼ፣ የወደድነውን ሁሉ እሳት ዳር ማኖር ፍቅር ይመስለናል። አንዳንዱ ዘር ግን ብርድ ሳያልፍበት አይነቃም፤ በሙቀት ብዛት እንደተኛ ይቀራል። ልጃችንን፣ ወዳጃችንን፣ አንዳንዴም ራሳችንን ከችግር ሁሉ ስንከልል፣ የምናድነው መስሎን እንዳይነቃ የምናደርገው ጊዜ አለ።

ይህን ሰምቶ «እንግዲያውስ ይቸገር፣ ይጠነክራል» የሚል ሰው ደግሞ አይጠፋም። እሱ ጣራ ላይ የከረሙትን አሥሩን ዘሮች ይጠይቅ። ብርድ አላጡም፤ የሚያያቸው ሰው ነው ያጡት። ችግር ብቻውን ማንንም አብቅሎ አያውቅም። ሰውን የሚያነቃው፣ በችግሩ መሐል በየማለዳው እየመጣ ደርቆ እንደሆነ የሚያይለት ሰው ሲኖር ነው። እንዲያ ያለው ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ እኛ ከአጥር ወዲያ ያስቀረነው ነው።

እስቲ እናንተ ራሳችሁን ጠይቁ። ዛሬ ብርድ ላይ ያለ፣ እናንተ የምታውቁት ሰው አለ? ይጠንክር ብላችሁ ነው የተዋችሁት ወይስ ረስታችሁት? ሄዳችሁ ካያችሁትስ ስንት ጊዜ ሆናችሁ?